ሙቀቱ ዳገት ሲወጣ

ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር በተነሣ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚነገረን በዋልታዎች ስለሚቀልጠው በረዶና ባሕር ስለሚውጣቸው ደሴቶች ነው። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን የቀበሌው ነዋሪና የፋብሪካው ሠራተኛ «ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው» ብሎ እንዲያልፈው አድርጎታል። በትምህርት ምክንያት በብርድ አገር በቆየንባቸው ዓመታትም «ትንሽ ቢሞቅልን ምን ነበረበት» የሚል ቀልድ ደጋግመን ሰምተናል። እኛ ግን ጥያቄውን ከራሳችን ተራራ ላይ ሆነን መመርመር ይኖርብናል።

ሰፊው ሕዝብ አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብሎ ሲከፍል የኑሮውን ሕግ መደንገጉ ነበር። ጤፉ የት እንደሚዘራ፣ ገብሱ የት እንደሚያፈራ፣ ጎጆው የት እንደሚቀለስ የተወሰነው በዚህ ክፍፍል ነው። ቆላ ወርዶ ያረሰው ገበሬ ማታ ወደ ደጋው ተመልሶ የሚያድረው ወባን ሸሽቶ ነበር። ዛሬ እየተናጋ ያለው ይኸው ሕግ ነው።

ከፍታ 100 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። በመሆኑም ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር የቆላው ወሰን 167 ሜትር ያህል ዳገቱን ወጣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአገራችን አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። ወሰኑ ምን ያህል እንደወጣ አንባቢው ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

ከወሰኑ ጋር አብሮ የሚወጣው ደግሞ ወባ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛ የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይሻል። ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ እጅግ ስለሚጓተት ተውሳኩ ከመድረሱ በፊት ትንኟ ትሞታለች። ደጋው ለድኃው ያለ ክፍያ የሚሠራ ሐኪም ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ይህ ሐኪም ሲከዳ ምን እንደሚደርስ በ1958 ታይቷል፤ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው ምድር ላይ ወረርሽኙ 3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። ደገኛው ለበሽታው የዳበረ የመከላከያ አቅም በሰውነቱ ውስጥ አልነበረውም። በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ተራራማ አገር የተሰበሰቡትን መዛግብት መርምሮ፣ ሞቃት በሆነው ዓመት ወባ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ በቀዝቃዛው ዓመት እንደሚወርድ አረጋግጧል።

ይህን ስንል ጥፋቱን ሁሉ በአየሩ ላይ መከመራችን አይደለም። በ2024 በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች ሲመዘገቡ ጦርነቱ፣ የጤና አገልግሎቱ መቋረጥና የመድኃኒቱ እጥረት የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ በቀብሪ ደሃር የተገኘችውና በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝም ከእስያ የመጣች እንጂ የሙቀት ልጅ አይደለችም። ሁሉን ነገር «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» እያሉ ማለፍ የሰነፍ አስተዳዳሪ ማምለጫ ነው።

የሰው ልጅ ቢያንስ አጎበር ይዘረጋል፤ መድኃኒት ይፈልጋል። ሌላው ፍጥረት ግን መሄጃው አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ላይ። ተራራ ደግሞ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይጠባል፤ ኋላም ያልቃል። በስሜንና በባሌ ከፍታዎች የምትበቅለው፣ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ አብባ የምትሞተው ጅብራ በ2080 አሁን ከሚስማማት ምድር ከመቶ 4 እጅ ያነሰው ብቻ ሊቀርላት እንደሚችል በ2016 የታተመ ስሌት ያመለክታል። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮም፣ ለአቅመ መራባት የደረሰው ቁጥሩ 500 ያህል ብቻ ሆኖ፣ ከታች ማረሻውና የውሻ እብደት በሽታ ሲገፉት ከላይ ሰማይ ይጠብቀዋል።

ቡናችንም ከዚሁ ዕጣ አላመለጠም። በ2017 የወጣ ጥናት እንደሚለው ምንም እርምጃ ካልተወሰደ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከመቶ ከ39 እስከ 59 የሚሆነው በዚህ ክፍለ ዘመን ማለቂያ ለቡና የማይስማማ ሊሆን ይችላል። ይኸው ጥናት እርሻው ወደ ከፍታው ቢዛወርና ደኑ ቢጠበቅ ለቡና ተስማሚ የሚሆነው መሬት ብዙ እጥፍ ሊሰፋ እንደሚችልም ያስረዳል። በወረቀት ላይ የሚያጽናና ነው። ይሁን እንጂ ከታች ያለው ባለ ሁለት ጥማድ ገበሬ መሬቱን ተሸክሞ ዳገት አይወጣም፤ ላይኛው መሬትም ባለቤት አለው።

ታዲያ ይህን እሳት ያነደደው ማን ነው? ስዊድናዊው አሬኒየስ የከሰል ጭስ ምድርን እንደሚያሞቅ ያሰላው በ1896 ነበር። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት በአየሩ ውስጥ ከሚሊዮን 280 እጅ ያህል የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል። ከከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ እስካሁን ከተለቀቀው ውስጥ ሩቡን ያህል የለቀቀችው አሜሪካ ስትሆን የመላው አፍሪካ ድርሻ ከመቶ 3 ያህል ነው። አላወቁም እንዳይባል፣ ኤክሶን የተባለው የነዳጅ ኩባንያ የራሱ ሳይንቲስቶች ከ1977 ጀምረው የተነበዩት ሙቀት በእርግጥም እንደደረሰ በ2023 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ኩባንያው በአደባባይ ይናገር የነበረው ግን ነገሩ ገና ያልተረጋገጠ ስለመሆኑ ነበር።

ባለጸጎቹ መንግሥታት በ2009 በኮፐንሃገን በየዓመቱ የሚያሰባስቡትን ገንዘብ እስከ 2020 ድረስ 100 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ቃል ገቡ። ቃሉ የተፈጸመው ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣ በ2022 ነው። ከመንግሥታቱ ካዝና ከወጣው ውስጥም አብዛኛው ብድር ነው። ጣሪያችንን ያፈረሰ ጎረቤት ለማደሻው ሲያበድረን ምን ብለን እንጠራዋለን? ለደረሰው ጉዳት ማካካሻ እንዲሆን በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ ለተወሰነው ፈንድም በቀጣዩ ዓመት ዱባይ ላይ የተገባው ቃል 700 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በነገራችን ላይ፣ እኛ የምንተክለው ችግኝ ጥላውና ምንጩ ለራሳችን ሊሆን ይገባል እንጂ ለእነሱ ጭስ ማወራረጃ ደረሰኝ እንዲሆን ልንፈቅድ አይገባም።

ዕዳውን የማስከፈሉ ትግል በዓለም አቀፍ መድረክ የሚካሄድ ረጅም ትግል ነው። ትንኟ ግን እስከዚያ አትጠብቅም። ስቴፈንሲ የምትራባው በረግረግ ብቻ ሳይሆን በየግቢው ባለው በርሜል፣ ክዳን በሌለው ሮቶ፣ ለግንባታ ተብሎ በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ነው። ስለዚህም የቀበሌ ማኅበራት በየሳምንቱ ግቢ ለግቢ እየዞሩ ውኃ መያዣውን ቢያስከድኑ፣ የግንባታ ሠራተኞችም ጉድጓዳቸውን ቢያደርቁ ሥራው ገንዘብም ሆነ የውጭ ባለሙያ አይጠይቅም። ከደጋ ሳይወጣ በወባ የታመመ ሰው ሲገኝም ሰፈሩና ቀኑ ተመዝግቦ በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያው ሊነገር ይገባል።