በክረምት የተከልነውን በበጋ ማን ያጠጣዋል?



የዘንድሮው ረመዳን የገባው በበጋ ነው። ጾመኛው በመግሪብ አዛን በተምርና በውሃ ያፈጥራል። በሐምሌና በነሐሴ በየሰፈሩ የተተከለው ችግኝ ግን ዝናቡ ከቆመ ወዲህ ብዙው የሚያጠጣው አላገኘም።

የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የየመስጂዱ ጀመዓም ክረምት በመጣ ቁጥር ሲተክል ቆይቷል። መልካም ሥራ ነው፤ አላህ ይቀበለው። በተከላው ቀን ሰው አይጠፋም። የሚጠፋው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ውሃ የሚያመላልስ፣ አጥር የሚያጥር፣ ከፍየልና ከበግ የሚጠብቅ ነው። ይህ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ለሮቶ፣ ለሽቦ፣ ለጠባቂ ደመወዝ።

በዚያው በ2011 ዓ.ም. «ገበታ ለሸገር» በተባለው እራት ለአንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር እየተከፈለ ለአዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻ ልማት ገንዘብ ተሰብስቧል። ትልልቅ ፓርኮች እንዲህ ባለ ገንዘብ ይሠራሉ። በመስጂዱ በር ያለችውን ትንሽ ሜዳና በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል የቀረውን ባዶ ቦታ ግን ከሰፈሩ ሰው በቀር የሚያስባቸው የለም። ልጆቻችን የሚጫወቱት፣ አዛውንቶቻችንም ከዙህር እስከ ዐስር ጥላ የሚፈልጉት እዚያ ነው።

ዲናችን ለዚህ የታወቀ መንገድ አለው፤ ወቅፍ ይባላል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በኸይበር መሬት ባገኙ ጊዜ የአላህን መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) አማከሩ። መሬቱ እንዳይሸጥና እንዳይወረስ ተደርጎ ፍሬው ለድሆች፣ ለዘመዶች፣ ለመንገደኞችና ለእንግዶች እንዲውል ሆነ። ልብ በሉ፤ ያንን ወቅፍ የሚያስተዳድረው ሰው ከፍሬው በአግባቡ እንዲበላ ተፈቅዶለታል። ስለዚህ ለጠባቂ የሚከፈል ደመወዝ ከሰደቃው የተቀነሰ አይደለም፤ ከሰደቃው አንዱ ክፍል ነው። ከተከልነው ዛፍ ወፍ ብትበላ እንኳ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍልን ተምረናል። ዛፉ ለዚያ እንዲደርስ ግን መጀመሪያ በጋውን ማለፍ አለበት።

አንድ ነገር መለየት ይገባል። ዘካ በሱረቱ አት-ተውባ የተዘረዘሩ 8 ባለመብቶች አሉት፤ ዘካተል ፊጥርም የድሃው የዒድ ምግብ ነው። ከእነዚህ ላይ ቀንሰን ለዛፍ አናውልም። የአረንጓዴው ገንዘብ ከሰደቃና ከወቅፍ ይሁን፤ ሣጥኑም ለብቻው ይቀመጥ።

አሠራሩን ከዕድራችን መውሰድ እንችላለን። በየወሩ እንደ አቅም የሚከፈል መዋጮ፣ አንድ መዝገብ፣ ሦስት ፈራሚዎች ይኑሩ፤ ገቢና ወጪውም በመስጂዱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሒሳቡ ካልታየ ሰው በሁለተኛው ወር እጁን ይሰበስባል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ይጋበዙ፤ ጥላው የእነሱም ነውና።

ወጪ የሚያቀልልም መንገድ አለ። የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር። እኛ ከዚያ አብልጠን እናፈሳለን። መጀመሪያ ቧንቧውን እንቆጥብ። ከዚያ በኋላ የሚፈሰው ሳሙና የሌለበት ውሃ ከፍሳሽ ጋር ከሚሄድ በአንድ ቱቦ ወደ ችግኞቹ ይመራ። የሚጠይቀው የቱቦውና የአንድ ቀን ባለሙያ ዋጋ ነው።

እናቶችና አባቶች፣ በዚህ ሳምንት ከተራዊህ በኋላ የመስጂዳችሁን ኮሚቴ ጠይቁ፤ ባለፈው ክረምት ከተከልናቸው ስንቶቹ ቆመዋል? ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቁጠሯቸው። ቁጥሩ ከታወቀ የሚያስፈልገው ገንዘብም ይታወቃል፤ መዝገቡም ከዒድ በፊት ሊከፈት ይችላል።

አላህ ጾማችንንና ሰደቃችንን ይቀበለን።