ጅቡን ወደ አስፋልቱ የጠራው ማነው?



ፍኖተ ሰላም በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ስሙ ያማረ ነው። ይሁን እንጂ ከደምበጫ በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ቡሬ በሚዘልቀው አስፋልት፣ እንዲሁም በገበዝ ማርያምና በሌሎች የምዕራብ ጎጃም የገጠር መንገዶች በሞተር ሳይክል የሚመላለስ ሰው፣ መሸትሸት ሲል መንገዱ ሁልጊዜ እንደ ስሙ እንዳልሆነ ያውቃል። ዛሬ መምህሩም፣ የጤና ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም፣ የግብርና ባለሙያውም በሞተር ነው የሚሄደው። ስለ ፍጥነትና ስለ ጭነት መኪና ብዙ ተብሏል፤ መንገድ ላይ ስለሚወጣው አውሬና እንስሳ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ወር ዓምዳችን ይህንን እናነሳለን፤ የምንጀምረውም ከራሳችን ቤት ነው።

ባለፈው የዐረፋ በዓል ሦስተኛ ቀን ማታ፣ ቀድሞ ያስተማርነው አንድ ወጣት አጎቱን ጠይቆ በሞተሩ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። መግሪብ አልፏል፤ ዒሻ አልደረሰም። ከከተማው መውጫ ካለው ኩርባ ላይ አንድ ጅብ ከፊቱ መንገዱን ሲያቋርጥ አየ። ፍሬን ይዞ አሳለፈው። «አለፈልኝ» ብሎ ነዳጅ ሲሰጥ፣ ከዚያው ጉድባ ሁለተኛው ጅብ ወጣና ከፊት ጎማው ጋር ተላተመ። ልጁ ወደቀ፤ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሄልሜቱ (የራስ ቁሩ) ከመስተዋቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት ተርፏል። ነገር ግን ወራት አልጋ ላይ ዋለ፤ አባቱም ለሕክምናው የእርሻ በሬያቸውን ሸጡ።

ልንጠይቀው በሄድንበት ጊዜ ከዘመድ ወዳጁ የሰማነው «ቀኑ ደርሶበት ነው»፣ «የጂን ሥራ ነው» የሚል ነበር። ቀደርን እናምናለን። ነገር ግን ለመሆኑ ሁለት ጅቦች ከዚያች ኩርባ ምን ያደርጉ ነበር? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ሰፈሩ ሁሉ ያረደውን ከብትና በግ ፈርሱንና አንጀቱን ወስዶ የጣለው ከዚያ ጉድባ ውስጥ ነበር። ከእኛ ቤት የወጣውም እዚያው ነበር የተጣለው። ልጁን አልጋ ላይ አይተን ስንመለስ ይህ ነገር በልባችን ከበደን።

ጅብ ሰነፍ አውሬ አይደለም፤ ምግብ ወዳለበት ይሄዳል። በአገራችን በብዙ ቦታ የዱር እንስሳው ስለተመናመነ ጅቡ የሚኖረው በሰው ትራፊ፣ በሞተ ከብትና በከብት ዘረፋ ነው። በትግራይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ የተገኘውን የእንስሳ ጠጉር መረመሩ። በክርስቲያኖች የዐቢይ ጾም ወቅት እርድ ስለሚቀንስ የሥጋ ትራፊም ይቀንሳል፤ በዚያን ጊዜ በጅቡ ኩስ ውስጥ የአህያ ጠጉር የተገኘበት መጠን ከ15 በመቶ ገደማ ወደ 33 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ማለትም ጅቡ የእኛን የእርድ ጊዜ እየተከተለ ውሎውን ይለውጣል ማለት ነው። ትራፊውን ከአስፋልቱ ዳር ካስቀመጥንለት ከአስፋልቱ ዳር ይመጣል። የሞተች አህያን ጎትቶ መንገድ ዳር መጣልም ውጤቱ ያው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አሽከርካሪው እንመለስ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ዐይን አይቶ እጅና እግር ፍሬን እስኪይዙ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት ለመቆም ሌላ 25 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ድምሩ ከ40 ሜትር ይበልጣል። የሞተሩ መብራት አጥርቶ የሚያሳየው 30 ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው የሚነዳው ከሚያየው በላይ ነው። ፍጥነቱን ወደ 40 ቢያወርድ ግን በ23 ሜትር ገደማ ይቆማል። በኮረኮንችና በእርጥብ መንገድ ደግሞ ርቀቱ ይጨምራል። ስለዚህ ከመግሪብ እስከ ዒሻና ከሱብሒ በፊት ባሉት ሰዓቶች፣ አውሬውም ከብቱም በሚንቀሳቀስበት ጊዜ፣ በ40 መንዳት ፍርሃት ሳይሆን ሒሳብ ማወቅ ነው። ቢቻልማ ጉዞን ለጧት ማቆየት ይሻላል።

እንስሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። ስለዚህም አሽከርካሪ ጠባያቸውን ቢያውቅ ይጠቀማል።

ጅብና ዝንጀሮ ብዙውን ጊዜ በመንጋ ይሄዳሉ። አንዱ ካለፈ ሌላው ከኋላ አለ ብላችሁ ጠብቁ፤ ተማሪያችንን የጎዳው ይህንን አለማወቁ ነው። ዝንጀሮና ጦጣ ከጭነት መኪና የተንጠባጠበ በቆሎ ለመልቀም አስፋልት ላይ ይወጣሉ። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚሄደው መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ሊሆን ይገባል፤ ቁልቁለቱና ኩርባው ራሱ ፍሬን ይፈትናልና። ድኩላና ሚዳቋ ከቁጥቋጦ በድንገት ይፈተለካሉ፤ መብራት ሲያርፍባቸው ደግሞ ደንዝዘው የሚቆሙበት ጊዜ አለ። መብራታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ፍጥነት ቀንሳችሁ ጊዜ ስጧቸው።

ከብት ማታ ወደ በረቱ ሲነዳ የሚያየው ወደ ፊቱ ነው። በፊቱ ለመቅደም አትሞክሩ፤ ከቆማችሁ በኋላ በጭራው በኩል እለፉ። እናት ላም ካለፈች ጥጃዋ እንደምትከተላት አትርሱ። አህያ ክላክስ ቢነፋባትም ከመንገዱ መሐል ንቅንቅ አትልም፤ መጠበቅ ያለበት ሰውዬው ነው። ውሻ ሲያሯሩጣችሁ በእግራችሁ ለመምታት አትሞክሩ፤ ሚዛን የሚያስት እርሱ ነው። ከመድረሱ በፊት ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ ሲጠጋ ቀጥ ብላችሁ እለፉ። አደይና መጭ በሚያብብበት ወራት ንብ ከፊት ጋር ይጋጫል፤ ከሄልሜቱ ውስጥ ቢገባ እንኳ መሪውን ሳትለቁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ ከዚያ አውልቁት።

ከሁሉም በላይ፣ እንስሳ ድንገት ሲገባባችሁ መሪ አትጠምዝዙ። መሪ የጠመዘዘ ሰው ወይ ገደል ይገባል ወይ ከፊቱ ከሚመጣ መኪና ሥር ይወድቃል። ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ሁለቱንም ፍሬን በእኩል መያዝ ይበጃል።

ስለ ሄልሜት አንድ ቃል እንጨምር። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሥራ፣ ሄልሜት ለአደጋ ለተጋለጠ ሞተረኛ የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ደምድሟል። ከመስተዋት ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት ግን መስተዋቱን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ግመሉን ሳያስር «በአሏህ ተመክቻለሁ» ያለው ሰው መጀመሪያ እንዲያስር መታዘዙን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። የዛሬዋ ግመል ሞተር ናት፤ ገመዷም የአገጭ ማሰሪያው ነው። ከኋላ ለሚቀመጡት ለእናታችን፣ ለባለቤታችንና ለልጃችንም ሁለተኛ ሄልሜት ያስፈልጋል።

አደጋ ከደረሰ በኋላም ማወቅ ያለብን አለ። የወደቀውን ሰው አንጠልጥሎ አያስነሱትም፤ አንገቱ ተጎድቶ ይሆናልና። መተንፈስ እስከቻለ ድረስ ሄልሜቱን ጎትቶ ማውለቅም አይገባም። ውሻ ወይም አውሬ ነክሶት ከሆነ ደግሞ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግዴታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ይከላከለዋል። «ቁስሉ ትንሽ ናት» ብሎ መቀመጥ ብዙ ቤት አጉድሏል።

ጉዳቱ በእንስሳውም በኩል መሆኑን አንዘንጋ። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጠውና በአገራችን ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ በባሌ የሰነቴ አምባ መንገድ ላይ በመኪና እየተገጨ ይሞታል። ፍጥነት መቀነስ ለሁለቱም ነፍስ ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማንሳት የኢማን ክፍል መሆኑን ለልጆቻችን እናስተምራለን። ብዙውን ጊዜ የምንጠቅሰው እሾህና ድንጋይ ነው። ታዲያ በእጃችን የጣልነው ፈርስ ከእሾህ በምን ያንሳል? ከዚያ ማታ በኋላ በሰፈራችን ከጎረቤቶቻችን ጋር፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሆነን ተነጋገርን። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም በፋሲካ ማግስት የሚጥሉት እዚያው እንደነበር አልሸሸጉንም። ከመንገዱ ርቆ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ በበዓልም ሆነ በሌላ ቀን ትራፊው እዚያ ገብቶ አፈር ይለብሳል። ቁፋሮው የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነበር። አካፋና ዶማ እንጂ ገንዘብ አልጠየቀም።

ተማሪያችን አሁን በምርኩዝ ይሄዳል። ጉድጓዱ ሲቆፈር መጥቶ ከዳር ተቀምጦ ነበር። ማናችንንም አልወቀሰም። አባቱ ግን አካፋ ከያዙት መካከል አንዱ ነበሩ፤ አፈሩን እያወጡ «ይህ አምና ቢሆን በሬዬ ከጠፋኝ አልነበረም» አሉ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

የሚቀጥለው ዐረፋ ከመድረሱ በፊት እናንተም ከሰፈራችሁ መውጫ ያለችውን ኩርባ ሄዳችሁ እዩ። ወቢላሂ ተውፊቅ።