አክሲዮንን በዕለቱ ገዝቶ በዕለቱ ስለ መሸጥ

ከዓመታት በፊት ሒሳብ ያስተማርነው፥ ዛሬ በአሜሪካ አገር መኪና እየነዳ የሚኖር አንድ ልጃችን በዚህ ሰሞን ደብዳቤ ጽፎልናል። እርሱና ባለቤቱ በሦስት ዓመት ያጠራቀሙት 6,000 ዶላር አላቸው። የሥራ ጓደኞቹ በእጅ ስልካቸው አክሲዮን ጧት ገዝተው ከሰዓት በኋላ ሲሸጡ አይቶ፥ «እኔም ልጀምር አስቤአለሁና መጀመሪያው ምንድን ነው?» ሲል ይጠይቀናል። ይህን የመሰለ ጥያቄ ከሌሎችም ቤተ ሰቦች ስለ ደረሰን፥ መልሱን በዚህ ዓምድ ማውጣትን መረጥን።

አክሲዮን ማለት በአንድ ኩባንያ ሀብት ላይ ያለ ድርሻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ድርሻ ገዝቶ ለዓመታት ይይዘዋል፤ ኩባንያው ሲያተርፍም ከትርፉ ሊካፈል፥ የድርሻው ዋጋም ሊያድግለት ይችላል። የዕለት ነጋዴ ግን እንዲህ አይደለም። የኒው ዮርክ ገበያ በዚያው አገር ሰዓት፥ እኛ እንደምንቈጥረው፥ ከጧቱ 3 ሰዓት ተኩል ተከፍቶ በ10 ሰዓት ይዘጋል፤ እርሱም በዚህ ስድስት ሰዓት ተኩል ውስጥ የገዛውን ሁሉ ሸጦ አንዳች አክሲዮን ሳይዝ ያድራል። በዚህች አጭር ጊዜ ኩባንያው አዲስ ሀብት አያፈራምና፥ የነጋዴው ትርፍ የሚመጣው ያለ ሰዓቱ ከገዛ ወይም ያለ ሰዓቱ ከሸጠ ከሌላ ሰው ኪስ ነው። ያ ሌላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፈጣን መሣሪያና የተትረፈረፈ ገንዘብ ያለው ድርጅት ነው።

ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፥ አንድ አክሲዮን በአንድ ጊዜ ሁለት ዋጋ ያለው መሆኑን ነው፤ ይኸውም ገዢ የሚሰጠው ዋጋና ሻጭ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ገዢው 20 ዶላር እሰጣለሁ ሲል ሻጩ 20 ዶላር ከ5 ሳንቲም ይላል እንበል። ልጃችን 200 አክሲዮን ወዲያው ልግዛ ቢል 4,010 ዶላር ይከፍላል፤ ያንኑ መልሶ ወዲያው ልሽጥ ቢል 4,000 ይቀበላል። ገበያው ሳይወጣና ሳይወርድ 10 ዶላር ሄደ። በቀን አራት ጊዜ፥ በወርም ሃያ ቀን እንዲህ ቢመላለስ 800 ዶላር ይሆናል፤ ስምንት ወር ሳይሞላም ጥሪቱን ሁሉ የሚያህል ገንዘብ በዚህ ብቻ ይሄዳል። ከ2019 ወዲህ ብዙዎቹ የአሜሪካ ደላሎች በአክሲዮን ላይ ያስከፍሉት የነበረውን የድለላ ዋጋ ስለ ተዉ «ንግዱ ነጻ ነው» ይባላል፤ የሁለቱ ዋጋ ልዩነት ግን የትም አልሄደም። እጅግ በብዛት በሚሸጡት በታላላቆቹ ኩባንያዎች ዘንድ ልዩነቱ አንድ ሳንቲም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ 800ው ወደ 160 ይወርዳል። ስለዚህ ጀማሪ ስሙ ባልታወቀ ርካሽ አክሲዮን አይታለል።

በብራዚል አገር ከ2013 እስከ 2015 ይህን የዕለት ንግድ የጀመሩትን ሰዎች ተመራማሪዎች ተከታትለዋቸው ነበር። የተነገደው በአክሲዮን ዋጋ መለኪያ ላይ የተመሠረተ ውል እንጂ ራሱ አክሲዮን ባይሆንም፥ ጠባዩ አንድ ነው። ከ300 ቀን በላይ ከጸኑት መካከል ከመቶው 97ቱ ከስረዋል፤ ከዚያች አገር ዝቅተኛ ደመወዝ የበለጠ ያገኙት ከመቶ አንድ ያህል ናቸው። ልብ በሉ፤ እነዚህ በሳምንቱ የተዉት ሳይሆኑ ጸንተው የሠሩት ናቸው።

«እንግዲህ ተወው ማለታችሁ ነውን?» ይለን ይሆናል። ልንከለክለው ሥልጣን የለንም። ነገር ግን ከገንዘቡ በፊት አንድ ደብተር ያውጣ። ለሦስት ወር በወረቀት ላይ ብቻ እየገዛና እየሸጠ፥ ሰዓቱን፥ ዋጋውን፥ የገዛበትን ምክንያትና ቢወርድ የሚሸጥበትን ዋጋ ሳይገዛ አስቀድሞ ይጻፍ። ከገዛ በኋላ የሚጻፍ ምክንያት ማመካኛ ነው፤ ይህንንም ከተማሪ የፈተና ወረቀት ስናየው ኖረናል። በአንድ ንግድ ከመቶ አንድ፥ ማለት 60 ዶላር ብቻ ይጣል ቢል፥ በ20 ዶላር ከ5 ሳንቲም ገዝቶ በ19 ዶላር ከ75 ሳንቲም ሊወጣ ካሰበ፥ መግዛት የሚችለው 200 አክሲዮን ነው። ይህም ቢሆን ዋጋው ዘሎ የወረደ እንደ ሆነ ሽያጩ ካሰበው በታች ሊሆን ይችላል።

የደላላውን ብድር ግን አይንካ፤ የራሱን ጨርሶ ዕዳ ሊተርፈው ይችላልና። በብድር ሒሳብ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ በዕለቱ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው 25,000 ዶላር እንዲኖረው በ2001 ተደንግጎ ነበር፤ ተቈጣጣሪው ማኅበር በ2025 ይህ እንዲለወጥ ስለ ወሰነ፥ የሚሠራበትን ደንብ ከደላላው ይጠይቅ። ከዓመት ባነሰ ጊዜ ከተሸጠ አክሲዮን የተገኘ ትርፍም እንደ ደመወዝ ግብር ይከፈልበታል።

ደብዳቤው ባለቤቱ ስለዚህ አሳብ ታውቅ እንደ ሆነ አንዲት ቃል አልነበረውም። ገንዘቡ የሁለት ሰው ላብ ነውና፥ ይህን ሁሉ ከመጻፋችን በፊት እርሱን ጠየቅነው። ሁለት ሳምንት ዝም ካለ በኋላ የደብተሩን ሦስት ገጽ ላከልን፤ በወረቀት ላይ 31 ጊዜ ገዝቶ ሸጦ 214 ዶላር ጐድሎበታል። የቁጥሩ ድምር በሌላ እጅ የተጻፈ ነው፤ «የእርሷ ነው» ብሎ ከታች ጽፎበታል።