ከመኮንን ወደ መኮነን

ሰሞኑን ኩርፊያ ላይ ነኝ። አዲስ አበባ ያለው የአጥቢያችን ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ በቴሌግራም ፎቶ ላከልን። አዲሱ በር መግቢያ ላይ ጥቁር እምነበረድ ተለጥፏል፤ በወርቅማ ቀለም የለጋሾች ስም ተደርድሯል። ብዙ የሰጠ ከላይ፣ ጥቂት የሰጠ ከታች። የዚህ ዓምድ ደንበኞች ቀጥሎ ምን እንደምል ያውቁታል። "አቶ እገሌ ሃምሳ ሺሕ ብር፣ እልል በሉ!" በሚለው ድምፅ ማጉያ ላይ ስንት ጊዜ እንደጮኽኩ አርታኢዬ ቆጥሮ ሰልችቶታል። ማጉያው ቢያንስ መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል። እምነበረድ ግን የሰጪውን የልጅ ልጅ ቀብሮ ይቀራል።

በዚህ መንፈስ ልጽፍ ተቀምጬ ነበር። ከመጀመሬ በፊት ፎቶውን በሁለት ጣቴ ሳብ አድርጌ አሰፋሁት። ለምን እንዳሰፋሁት አትጠይቁኝ። ሰባተኛው ረድፍ ላይ ስሜን አገኘሁት። የአባቴ ስም መኮንን ነው፤ እነሱ "መኮነን" ብለው ቀርጸውታል። ነፍሱን ይማረውና፣ በአንዲት ፊደል ከሹመት ወርዶ ኩነኔ ገባ። ከስሜ ፊት "ኢንጂነር" የሚለውም ቀርቷል፤ ከእኔ በላይ ያለው ሰውዬ ግን "ዶ/ር" ተብሏል። ጽሑፉን ትቼ ለኮሚቴው ጸሐፊ ደወልኩ። ድምፄ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደነበር የገባኝ የግንባታችን ሠራተኞች አካፋቸውን አቁመው ሲያዩኝ ነው።

የክርስትና ስሜ በ"ገብረ" ይጀምራል። ባሪያ ማለት ነው። "ኢንጂነር ባሪያ" እንዲባልልኝ ነበር የምከራከረው?

ሶማሊላንድ፣ ሐርጌሳ ላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ጠብ ማንሣት ደግሞ የባሰ ያሳፍራል። እዚህ ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። የሚታረፈው ዓርብ ስለሆነ እሑድ ሥራ ነው። ቅዳሴውን ሌሊት በስልክ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ እከታተላለሁ። ኔትወርኩ ሲዘገይ አዲስ አበባ ያሉት ተነሥተው ሊቀመጡ ሲሉ እኔ ገና እነሣለሁ። ብዙም ሳይቆይ የንጋት አዛን ከየመስጊዱ ይመጣል፤ ዲያቆኑና ሙአዚኑ አንድ ጆሮ አንድ ጆሮ ተካፍለውኝ ይነጋል። ጎረቤቶቼ ስለ እምነቴ የሚጠይቁኝ ነገር የለም። አንዳንድ ሽማግሌ "የነጃሺ አገር ሰው" ይለኛል፤ እሱን ስሰማ ትከሻዬ ሰፋ ይላል። (ይኸው ደግሞ ሌላ ማዕረግ ተገኘ።)

የአገሩ ሕግ ግልጽ ነው። በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የሶማሊላንድ ሕገ መንግሥት በአምስተኛው አንቀጹ የአገሪቱ ሃይማኖት እስልምና መሆኑን ይደነግጋል፤ ሌላ ሃይማኖት ማስፋፋትንም ይከለክላል። በእንግሊዞች ዘመን እዚሁ ሐርጌሳ የተሠራችው ትንሿ የቅዱስ አንጦንዮስ ዘፓዱዋ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዓመታት ተዘግታ ቆይታ በ2009 ዓ.ም. ክረምት ተከፍታ ነበር። ተቃውሞ ተነሣና በቀናት ውስጥ መንግሥት መልሶ መዘጋቷን አስታወቀ። መዘጋቷ ደግ ሆነ የምል አይምሰላችሁ። ደወል ናፍቆኛል፤ ዕጣን ናፍቆኛል፤ ቅዳሴ ላይ ጫማዬ ጠፍቶብኝ መፈለግ እንኳ ናፍቆኛል። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። እዚህ ከተማ ክርስትና መድረክ የለውም። ማንም አያጨበጭብልህም። የሚጾም የሚጾመው ስለሚጾም ብቻ ነው።

የአከራዬን ቤት ምግብ የምታበስለው የደሴ ልጅ ናት። ጅልባብ ለብሳ ገበያ ትወጣለች፤ ማተቧ ከሥር አለ። እሱን እንኳ ያወቅሁት አንድ ቀን የውኃ ጀሪካን ስናነሣ ክሩ ብቅ ብሎ ሳየው ነው። የወሎ ሰው እንዲህ ባለው ነገር አይጨነቅም፤ አጎቷ ሐጂ፣ አያቷ መነኩሲት ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ዓቢይ ጾምና ረመዳን ተደራረቡ። አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ገደማ የወጥ ቤቱን የተሰበረ የውኃ መስመር ልጠግን ገብቼ ነበር። እሷ ለአፍጥር ሾርባ ጥዳ ሳምቡሳ ትጠቀልላለች። የቤቱ እመቤት ብቅ ብላ "ጨው ቅመሺው" አለቻት። ዝም። "እኔም እስከ ዘጠኝ ነኝ" አለች የደሴዋ። እመቤቲቱ ትንሽ አሰበችና ወደ እኔ ዞረች። የዚያን ቀን ጾሜን ባልይዝ ኖሮ ደስ ባለኝ፤ ግን ይዤ ነበር። ሦስት ጿሚ በአንድ ድስት ዙሪያ ቆመን ተያየን። በመጨረሻ የስድስት ዓመቱ ልጅ ከግቢ ተጠርቶ መጣ፤ በማንኪያ ተሰጠው፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ትልቅ ሰው አጣጣመና ይጨመር አለ። ሁለቱ ሴቶች ሳቃቸውን ማቆም አቃታቸው።

ይህቺ ሴት አንድም ቀን ስለ ትሕትና ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው የምታወራኝ።

አሁን ስለ መብራትና ዕንቅብ የሚናገረውን ጥቅስ ይዛችሁ እንደምትመጡ አውቃለሁ፤ "መልካም ሥራ መታየት አለበት" ልትሉኝ። ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ የቆመ ሰው እባካችሁ አንድ ቅጠል ገልጦ 6ን ያንብብ። ግራ እጅ ማወቅ ስለሌለባት ነገር እዚያ ተጽፏል። በዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልከራከርም።

ባለፈው ወር ለሥራ ቦረማ ሄጄ ነበር። ከሐርጌሳ ወደ ምዕራብ፣ ገቢሌይን አልፎ፣ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚታጠፈውን መንገድ ትቶ ቀጥ ማለት ነው። ከተማው ስንገባ ሾፌሩ በመስኮቱ ወደ ሆስፒታሉ ጠቁሞ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፦ "አናሌና።" ሌላ ማብራሪያ አልጨመረም፤ ፍጥነቱን ግን ቀነስ አደረገ።

አናሌና ቶኔሊ እ.ኤ.አ. በ1943 ጣሊያን፣ ፎርሊ ከተማ የተወለደች የሕግ ምሩቅ ናት። (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በፈረንጅ ናቸው።) በ1969 ወደ ኬንያ መጣች። መነኩሲት አልነበረችም፤ የየትኛውም ማኅበር አባል አልነበረችም፤ ደመወዝ የሚቆርጥላት ድርጅትም አልነበራትም። አስተማሪ ሆና ጀምራ ብዙ ሳትቆይ ሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ዋጂር ገባች፤ በሶማሌ አርብቶ አደሮች መካከል። እዚያ ያገኘችው ሳንባ ነቀርሳ ነበር። ችግሩ መድኃኒት ማጣት ብቻ አልነበረም። ሕክምናው ያኔ ከዓመት በላይ ይፈጅ ነበር። ዘላኑ ጥቂት ወር ውጦ ሳሉ ሲሻለው ግመሉን ተከትሎ ይሄዳል፤ በሽታው መድኃኒት የለመደ ሆኖ ይመለሳል። አናሌና ከሕክምናው አጠገብ ጎጆ አስቀልሳ ሕሙማኑን ከነቤተሰባቸው አሰፈረች። እያንዳንዱን ክኒን እያዩ ማስዋጥ፤ በየቀኑ፣ አንድም ሳይዘለል። በ1976 የዓለም ጤና ድርጅት አጭሩን የስድስት ወር ሕክምና ለአርብቶ አደሮች እንድትሞክር አደራ ሰጣት። ዛሬ በየጤና ጣቢያችን ነርሷ ፊት ቆመን የምንውጠው የቲቢ ክኒን የዚያ ዘመድ ነው።

በ1984 ዋጋላ በሚባል የአውሮፕላን ማረፊያ የኬንያ ወታደሮች ሶማሌዎችን ሲጨፈጭፉ አስከሬን አነሣች፣ ቁስለኛ አከመች፣ ወሬው ከአገር እንዲወጣ አደረገች። በ1985 ከኬንያ ተባረረች። ከዚያ ሶማሊያ፤ መርካ፣ ሞቃዲሾ፣ በጦርነቱ መሃል። በመጨረሻ በ1996 ቦረማ። የነቀርሳ ሆስፒታሉን አስፋፋች፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከፈተች። የምታስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን አልነበራትም። ያመሰግኗት ነበር እንዳልላችሁ፣ ሕሙማንን ወደ ከተማችን ሰብስባ አመጣች ብለው በሯ ላይ የጮኹባትም ነበሩ። በ2003 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የናንሰን ሽልማት ሰጣት። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ኦክቶበር 5 ቀን እሑድ ምሽት፣ እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ በጥይት ተገደለች። 60 ዓመቷ ነበር።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት። መስከረም 24፣ 1996 ዓ.ም.። ሃያ አራት ተክለ ሃይማኖት። በአንድ እግር የቆመው ጻድቅ ቀን መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ እንዲያው ካየሁት በኋላ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

"ካቶሊክ ናት እኮ" የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። አዎ፣ ናት። እናስ?

እኔን የያዘኝ ክኒኑ ነው። በየመድረኩ "ራሴን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ" ሲባል እሰማለሁ፤ ሲባል እንባ አለ፣ ኪቦርድ አለ። ቦረማ ላይ ራስን መስጠት ማለት ከንጋት ጀምሮ አልጋ ለአልጋ እየዞሩ ክኒን መቁጠር ነበር። ዛሬ ክኒን፣ ነገም ክኒን። የእኛው ገብረ ክርስቶስ ሙሽርነቱን ጥሎ ሄዶ፣ ተመልሶ በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ ከውሾች ጋር ሲኖር አባቱ እንኳ አላወቀውም፤ ስሙ የታወቀው ከሞተ በኋላ በእጁ ጨብጦት ከተገኘው ደብዳቤ ነው ይላል ገድሉ። ከእምነበረድ ጋር አስተያዩት።

የአፍ ቃልና የእጅ ሥራ መለያየታቸውን ሳስብ ከግንባታችን ሶማሌ ፎርማን ጋር ያለኝ የቆየ ጠብ ትዝ አለኝ። "ብረቱ መቼ ይገባል?" ስለው "ኢንሻአላህ" ይለኛል። "ነገ ነው?" "ኢንሻአላህ።" ይህቺን ቃል በስንፍና ማኅተምነት ከስሼ በዚህ ዓምድ ላይ ጽፌያለሁ፤ ሁለት አንባቢዎችም ተቆጥተውኛል። አሁን ልተወው ነው። ምክንያቱም እኔም የራሴ አለኝ። ከዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን አካባቢ ስሠራ ለፋሲካ ዋዜማ የአንድ ፎቅ ጣሪያ ኮንክሪት አስሞላሁ። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ውኃ መጠጣት አለበት። በዓል ነው፣ ሠራተኛው ሁሉ አገሩ ሊገባ ነው፤ ዘበኛው "ማን ያጠጣዋል?" ቢለኝ "እግዚአብሔር ያውቃል" ብዬው መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ስመለስ ጣሪያው እንደ ደረቀ ማሳ ተሰነጣጥቆ ጠበቀኝ። እግዚአብሔርማ ያውቅ ነበር። ቱቦውን መያዝ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የዚያን ጊዜ ግን በመንፈሳዊነት የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ልቤም ቀለል ብሎት ነበር።

ሐሙስ ማታ ፎቶውን ለደሴዋ አሳየኋት። ስልኬን በሁለት እጇ ይዛ ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ አነበበችው፤ የምታውቀው ሰው እንዳለ ትፈልግ ይመስል። የእኔ ጋ ስትደርስ "ጋሼ፣ አባትህን ኮነኑት!" ብላ ሳቀች። ሳላስበው አብሬያት ሳቅሁ። እሷ ግን አላቆመችም፤ እስከ ታች ወረደች። እስከዚያ ያላየሁት የመጨረሻ መስመር ነበር፦ "ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ ምዕመናን።"

"እነዚህም አላመለጡም፤ ተጽፈዋል" አለችና ስልኬን መልሳልኝ ወደ ድስቷ ሄደች።

የኮሚቴው ጸሐፊ ዓርብ ጠዋት መልእክት ላከ። ፊደሉን ብቻ መጠገን አይቻልም፤ ድንጋዩ በሙሉ ተነሥቶ እንደገና ይቀረጻል፤ ወጪውን ከቻልኩ "ኢንጂነር" የሚለውንም በዚያው ያስገቡልኛል። ዋጋውን ጽፎልኛል። "ተዉት፣ እንዳለ ይቆይ" ብዬ መልስ ጻፍኩ። ዛሬ እሑድ ነው፤ ጽሑፉ እዚያው ሳጥን ውስጥ አለ፤ እስካሁን አልላክሁትም።