እንቅልፍም ተራ ይፈልጋል

ጥር 10 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተራ ነበር። በብዙው የአገራችን ክፍል ምእመናን ታቦት አጅበው ውኃ ዳር የሚያድሩበት፣ ወደውና ፈቅደው እንቅልፋቸውን የሚተዉበት ሌሊት ነው። በዚያው ዕለት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ፣ ቶንጎ አጠገብ ተኩስ ተከፈተ። ከ10 ሺህ በላይ ስደተኞች የተጠለሉበት የቶንጎ ጣቢያ ተዘረፈ፤ ተቃጠለ። የጉሬ ሸምቦላ ጣቢያ ስደተኞች ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ፣ ሸሽተው ነበር። ከሁለቱ ጣቢያዎች የተፈናቀለው ሕዝብ ከ20 ሺህ ይበልጣል። ከመካከላቸው በ2004 ዓ.ም. ከሱዳን ብሉ ናይል ጦርነት አምልጠው የመጡ ነበሩበት፤ ለእነሱ ሽሽቱ ሁለተኛቸው ነው። የወረዳው ነዋሪም ያን ሰሞን በየቤቱ ጆሮውን አቁሞ ነው ያደረው።

ስለዚያ ጊዜ ሲወራ የሚነሳው የተቃጠለው ቤትና የተዘረፈው እህል ነው። እንቅልፉን ያጣ ሰው ግን ለጉዳት መዝጋቢ ምን ብሎ ያስመዘግባል?

የማውቃቸው አንድ የቶንጎ አባወራ ዛሬም ጫማቸውን ሳያወልቁ ነው የሚተኙት። አልጋቸው ከበሩ ትይዩ ነው፤ ራስጌው ላይ ባትሪ፣ ከባትሪው አጠገብ የቤተሰቡ ወረቀቶች የተቋጠሩበት ፌስታል አለ። ውሻ ሲጮህ ይነሳሉ። ውሻው ዝም ሲልም ይነሳሉ፤ «ለምን ዝም አለ?» ብለው። ባለቤታቸው «አንተ ሰውዬ፣ አሁን እኮ ሰላም ነው፤ ተኛ እንጂ» ይሏቸዋል። ጋደም ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን አይከደንም።

እኚህን ሰው ፈሪ የሚላቸው አለ። እኔ አልልም። ከርከሮ በቆሎውን እንዳይጨርስበት ሌሊቱን ማማ ላይ የሚያድር ገበሬ አዝመራው ሲሰበሰብ ይወርዳል። የእሳቸው ሰውነት ግን አዝመራው ጎተራ ከገባ በኋላም ማማው ላይ እንደቀረ ጠባቂ ነው፤ ውረድ ያለው የለም። አደጋ ባለበት ሌሊት መንቃት ሕይወት ያተርፋል። ችግሩ አደጋው ሲያልፍ ንቃቱ አብሮ አለማለፉ ነው። ወራት ሲቆጠሩ ደግሞ አልጋው ራሱ የመገላበጫ ቦታ ይሆናል። ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ ያመሸ ሰው አልጋ ላይ ሲወጣ ዓይኑ ቦግ ይላል።

ታዲያ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ መላ ይፈልጋል። የሚያሳዝነኝ መላዎቹ ራሳቸው እንቅልፍ ማባረራቸው ነው። ሲደክመው የዋለ ሰው 11 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል፤ ካፌይኑ ግን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈልግ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሽ ቡናው ገና ደሙ ውስጥ ነው። ጫት ቅሞ የዋለው ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይላል፤ አልኮሉ ቶሎ ያስተኛውና ከእኩለ ሌሊት በኋላ መልሶ ያነቃዋል። ሌላው ዳያዜፓም የሚባለውን የማረጋጊያ ክኒን ይፈልጋል። መድኃኒቱ በልዩ ማዘዣ ብቻ መሰጠት ያለበት ቢሆንም «እኔን ረድቶኛል» ብሎ ለጎረቤቱ የሚያካፍል ሞልቷል። ሰውነት በሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል፤ ድንገት ሲያቆሙት እንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ከባድ አደጋ በደረሰ በመጀመሪያው ወር እንቅልፍ ላጡ ሰዎች የዚህ ዓይነት መድኃኒት እንዳይሰጥ መክሯል። ይህ ምክር እኛ ዘንድ በደንብ ሊሰማ ይገባል።

የሚሻለው መንገድ ክኒን የለውም። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ነገር ቀላል ይመስላል፤ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ መተው። እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ መተኛት፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ተገላብጠው ካልወሰደዎት ተነስቶ ሌላ ክፍል መሄድ፣ ዓይን ሲከብድ መመለስ፣ ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ ጠዋት በአንድ ሰዓት መነሳት፣ ቀን አለመተኛት። አርተር ስፒልማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ሰዓት በእርግጥ ከሚተኙት ጋር ማስተካከልን ጨመረ። ይህ ለቶንጎ ሰው በቀጥታ የሚናገር ይመስለኛል። መብራት በሌለበት ቤት ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት አልጋ ላይ ይወጣል፤ እስከ ንጋቱ 12 ድረስ አሥር ሰዓት ይጋደማል። የሚያገኘው ስድስት ሰዓት እንቅልፍ በአሥሩ ላይ ተበታትኖ ይሳሳል። እኩለ ሌሊት ላይ ተኝቶ 12 ሰዓት ቢነሳ እንቅልፉ ይሰበሰብለታል፤ ሲጠነክር ሩብ ሰዓት እየጨመረ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው። ሾፌርና የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ይህን ያለ ባለሙያ አይሞክሩ። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት ይህ ዓይነቱ ሕክምና እንዲቀድም መክሯል።

«ተነስና ሌላ ክፍል ሂድ» የሚለው ምክር ግን አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሆነው ለሚያድሩ አይሠራም። ወደ ውጭ መውጣትም አይመከርም፤ ወባው አለ። እኔ የምለው፣ ከአልጋው ራቅ ያለች ጥግ ትለይ፤ አንዲት በርጩማና አንድ ጋቢ ይበቃታል። እዚያ ተቀምጦ መጸለይ፣ ሙስባሃ መቁጠር፣ የነገ ሥራን ማሰብ ይቻላል። ስልክ ግን አይከፈት።

ከሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ስጋቱ እውነት ሲሆንስ? ሌሊት ሊመጣ የሚችል ታጣቂ ላለበት ቀበሌ «አትስጉ» ብሎ መምከር ስድብ ነው። እዚያ የሚያስተኛው ጥበቃ ነው። ሁሉም ቤት ለብቻው ነቅቶ ሲያድር ደግሞ መንደሩን በእርግጥ የሚጠብቅ የለም፤ ሁሉም ጠዋት እርሻ ላይ ይወድቃል። ተራ ወጥቶ ሁለት ሦስት አባወራ ሲጠብቅ የተቀረው ከልቡ ይተኛል፤ የነገው ተረኛም ዛሬ እንቅልፉን ይጠግባል። በመጠለያ ጣቢያ ለሚኖሩም ይኸው ነው፤ በተለይ ብቻቸውን ልጆች ይዘው ለሚያድሩ እናቶች፣ መጸዳጃ ቤት ድረስ የሚበራ መብራትና የታወቀ ተረኛ ከማንኛውም ክኒን ይበልጥባቸዋል።

ለጤና ቢሮ ያለኝ ጥያቄ ትልቅ በጀት የሚሻ አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቤቱ ይገባል። ባለሙያዋ ስለ አጎበሩ ስትጠይቅ «ከአጎበሩ ሥር እንቅልፍ ይወስዳችኋል ወይ?» ብላ ትጨምር። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ አጥቶ ሦስት ወር የሞላውን ሰው፣ ተስፋ የቆረጠውንና መኖር የሰለቸውን ደግሞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ትላከው። እዚያም ያለው ነርስ ማዘዣ ከማንሳቱ በፊት ስንት ሰዓት አልጋ ላይ እንደሚወጣ፣ የመጨረሻውን ቡና መቼ እንደጠጣ፣ ምን ሰምቶ እንደሚባንን ይጠይቀው።