ቁስል የማይታይበት ጉዳት



በነገሌ ቦረናም ሆነ በሞያሌ የሚያስመልሰው፣ የፈዘዘ ወይም የሚንቀጠቀጥ ጨቅላ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ቀድሞ የሚታሰበው ወባ ወይም ማጅራት ገትር ነው። ምርመራው ሊዘለል አይገባም። ይህ እትም ግን በዚያው ምልክት ሥር ስለሚደበቅ ሌላ ምክንያት ያወሳል፦ በኃይል በመናጥ ወይም በመመታት ስለሚደርስ የአንጎል ጉዳት።

ከላይ ምንም ቁስል ላይታይ ይችላል። እርግብግቢቱን ዳሱት፤ ተቅማጥ ፈሳሹን የጨረሰበት ሕፃን ላይ ይሰረጉዳል፤ ጭንቅላት ውስጥ ደም ሲፈስ ግን፣ እንደ ማጅራት ገትር ሁሉ፣ ሊወጠር ይችላል። ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይለወጣል፤ ቀለል ያለው ጉዳት ለቀናት የሆድ ሕመም መስሎ ሊቆይ ይችላል። የበለዘ ቆዳ ቀለምም የተጎዳበትን ቀን በትክክል አይናገርም። ስለዚህ «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና አድርጎ የጠባው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህስ ከማን ጋር ነበር?» ብሎ መጠየቅና ሰዓቱን ቀን ወይም ሌሊት ብሎ ለይቶ ካርዱ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል።

ሕፃናትን ማንገላታት በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 የሚቀጣው ድርጊት ነው። ከቅጣቱ በፊት ግን መከላከል ይቀድማል። የጨቅላ ለቅሶ በሁለተኛው ወር ገደማ ይበረታል፤ ትዕግሥቱ ያለቀበት ሰው ሕፃኑን በጀርባው አስተኝቶ ለሌላ ሰው አደራ ይበል።



አዘጋጁ