እርጥብ ጣውላና የነጋዴ ስም

ደርቋል ተብሎ የተሸጠ ጣውላ በር ወይም መስኮት ከሆነ በኋላ ሲጣመምና ሲሰነጠቅ፥ ገዢው አናጢውን፥ አናጢው ነጋዴውን ይከሳል። እንጨት መኮማተር የሚጀምረው እርጥበቱ ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ነው፤ ስለዚህ ትናንት በመጋዝ የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ ዛሬ ቀጥ ብሎ መታየቱ ለነገው ዋስትና አይሆንም።

ባለመጋዘኑ ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርጎ፥ በየረድፉ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸውን ቀጫጭን እንጨቶች አግብቶ፥ ፀሐይና ዝናብ በማይደርስበት ነፋሻ ጥላ ሊደረድረው ይገባል። ውሃ በጫፍ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣ ጫፎቹ ቀለም ይቀቡ።

ማድረቅ ገንዘብ አስሮ እንደሚያቆይ የታወቀ ነው። ሆኖም የደረቀውን በደረቅ ዋጋ፥ እርጥቡን እርጥብነቱን ገልጦ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ያጸናል። በየደረሰኙም ላይ «ደረቅ» ወይም «እርጥብ» ተብሎ ቢጻፍ፥ በክርክር ጊዜ ለሻጭም ለገዢም ምስክር ይሆናል።